ወደ ውስጥ የተባለ «አዎ»

ጥርሱን የታመመ ሰው ባያወራ ይመረጣል። እኔም ባላወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ዝም ብዬ የደረሰብኝን ሳስበው ከእንግዲህ ዝም ማለቱም አያዋጣኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም ስንቱን ታግሻለሁ።

እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት አፉን አያደክምም። ትንፋሹን እጥር አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በቃ፣ ተስማማሁ ማለቱ ነው። ከሐሙሲት ባሕር ዳር በሚመላለሰው አውቶቡስ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ፣ ከኋላ ወንበር ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች ሴትዮ ትንፋሿን ትስባለች። ሞተሩ ያጓራል፣ ዶሮው ይንጫጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ረዳቱ ግን ሰምቷታል፣ በሩን ደብደብ አድርጎ ያስቆምላታል። እንዴት እንደሚሰማ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ አስካለ ጓዳ ሆና የሳበችው ትንፋሽ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይሰማኛል። ለቅሶ ቤቱም፣ ሽምግልናውም፣ የቀበሌ ስብሰባውም የሚያልቀው በዚሁ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲያየን ሕዝቡን ሁሉ እሾህ የሚወጋው ሳይመስለው አይቀርም።

በዚህ ትንፋሽ ነው እንግዲህ ደኅና ጥርሴን ያስነቀልሁት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የምሠራው። ያን ጊዜ የአፌ ሁኔታ የሚያኮራ አልነበረም። ጠጠር ያልተለቀመለት ቆሎ መንጋጋዎቼን አንድ በአንድ ጨርሷቸው፣ እህል የምትፈጭልኝ በቀኝ በኩል የቀረች አንዲት መንጋጋ ብቻ ነበረች። መልኳ የጠቆረ፣ ጎኗ የተሸረፈ፤ ነገር ግን ያለ እረፍት የምትሠራ፣ አንድ ቀን አመመኝ ብላ የማታውቅ። «ሠርቶ አደሯ» እላት ነበር። በግራ በኩል ደግሞ ነጭ፣ ያማረች፣ ስትታይ የምታስቀና መንጋጋ ነበረችኝ፤ ግን ጠንከር ያለ ነገር ከነካት ኩርፊያ ይቀናታል። እሷን «ከበርቴዋ» ብያታለሁ። ስሙን ያወጣሁላቸው በልቤ ነው እንጂ ለማንም አልተናገርሁም፤ በዚያን ዘመን ስለ ግራና ስለ ቀኝ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ ዙሪያውን ያይ ነበር።

ከበርቴዋ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ዐመፀች። ላይዋ ምንም የለበትም፤ ውስጧን ምን እንደበላው እንጃ። ውሃ ቢነካት ባልከፋኝ፤ አየር ሲነካት ነው ጉዱ። ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወደ አፌ ከገባ ሕመሙ በጆሮዬ ዞሮ አናቴ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ሥራ ስሄድ አፌን በመሐረብ ሸፍኜ ብስክሌቴን እነዳለሁ። የጥበቃው ሰው በየጠዋቱ «መሐረቡን አውርድና ማንነትህን አሳይ» ይለኛል። በየጠዋቱ አሳየዋለሁ።

ጥርስ ታሞ የሚችለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እችለው ነበር። የጨነቀኝ ግን የፋሲካ ነገር ነው። የአስካለ አባት መሪጌታ ፈንቴ በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። አስካለን ያገባኋት እሳቸው ሳይመርቁ ነው። የልባቸው ምኞት ለአንድ የቅኔ መምህር ሊድሯት ነበር፤ እሷ የግምጃ ቤት ሠራተኛ መረጠች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። ባሕር ዳር ለጉዳይ ሲመጡ እደጃፋችን ቆመው ልጃቸውን ይስማሉ፣ «ውሃ እንኳ» ስንላቸው «ጠጥቻለሁ» ብለው ይሄዳሉ። አስካለ በሩን ይዛ ጃንጥላቸው ከዓይኗ እስኪሰወር ታያለች። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ጨዋታ የለም።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ፣ በጀልባ ቀዛፊ መልእክት ላኩ። «ፋሲካን እናንተ ቤት እገድፋለሁ። ሙክቱ ከኔ ነው።»

አስካለ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«ስማኝ አንተ፣ አባቴ የታረቀውን ሰው በእጁ ነው የሚያጎርስ። ያጎረሰህን አላምጠህ ትውጣለህ። የተፋህ እንደሆነ፣ ፊትህን ያጨፈገግህ እንደሆነ፣ ተመልሶ እዚህ ቤት አይረግጥም።»

«አላምጣለሁ።»

«በየትኛው ጥርስህ?»

በቀኜ ጠቆምሁላት። ሠርቶ አደሯ እስካለች ድረስ ምን እፈራለሁ? ግን የከበርቴዋ ጩኸት ሌላውንም እንዳያስደነግጥ ከፋሲካ በፊት እሷን ማስነቀል ነበረብኝ። ቅርንፉዱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ የጎረቤቱ ምክርም ተሞክሮ አልቋል። አንዱ የሥራ ጓደኛዬማ ጥርሱን በክር አስረህ ክሩን ከብስክሌትህ ጋር አገናኘውና አንድ ሰው ይንዳው ብሎኝ ነበር። ሰውየው ይህን የተናገረው ከልቡ እንጂ ሊቀልድ አልነበረም።

በሐይቁ ዳርቻ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች። ወደዚያች ጤና ጣቢያ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ የጥርስ ሐኪም ተመድበው ነበር። ሲነጋ ሄጄ ተራ ያዝሁ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው እዛፍ ሥር ተኮልኩሏል፤ ሁሉም ጉንጩን ይዟል። ከፊቴ ያሉት ከመሸንቲ የመጡ፣ አገጫቸውን በነጠላ ጠምጥመው ያሰሩ፣ እማማ የውብዳር የሚባሉ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ የቱ ነው የሚያምህ?»

«የግራው ነው፣ እማማ።»

«ታድለህ። እኔማ የቀሩኝ ጥቂት ናቸው፤ ጥቂቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም።»

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ወዲያው ጩኸታቸው ሐይቁን አሻግሮ ተሰማ። «እሱ አይደለም! እሱ አይደለም ብየሃለሁ፣ አትሰማም? ወዲያ! ወዲያ በል! እ! እሱ! ኧረ ገደልኸኝ፣ ኧረ የመድኃኔዓለም ያለህ!» ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደመወዝተኛ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ በፈረንጅ ፊት እንደዚህ መሆን የለበትም ብዬ ወሰንሁ። ቢገድሉኝ ድምፅ አላሰማም። ሴትዮዋ ደም ያለበት ጥጥ ነክሰው፣ ፊታቸው በርቶ፣ እየመረቁ ወጡ። ያን ጊዜ ልብ ያለኝ ሰው ብሆን ኖሮ ጥበቡ የቱ ጋ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ሐኪሙ ረጅም፣ ቀይ፣ የባሕር ዳር ሙቀት የሚያቀልጣቸው፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አማርኛቸው «ክፈት»፣ «አይዞህ» እና «ይሄ ነው» ነው። ለቀረው አስተርጓሚ አላቸው፤ ጓድ ይስማው ይባላል፣ ቁስል የሚያሽግ ድሬሰር ነው፣ እዚያው እሳቸው አገር ለኮርስ ሄዶ ቋንቋውን ለምዷል። ይስማው ሥራውን ይወዳል፤ ጨዋታን ደግሞ ከሥራው አብልጦ ይወዳል።

ወንበሩ ላይ ጋደም አልሁ። በጣቴ ወደ ግራ ጉንጬ ጠቆምሁ። ሐኪሙ አንዲት ቀጭን ብረት አንሥተው «ክፈት» አሉና ከበርቴዋን በብረቱ ጫፍ ቆርቆር አደረጓት።

አምላኬ! እንባዬ በሁለት ወገን ወደ ጆሮዬ ወረደ። ግን ቃሌ ቃል ነው፤ ትንፋሼን አላወጣሁም፣ አላስገባሁም። እንደ ሐውልት ሆንሁ። ሐኪሙ ፊቴን አዩ፣ ደግመው ቆረቆሩ፣ እኔም ደግሜ ሐውልት ሆንሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ይሄኛው ጤነኛ ነው ይላሉ» አለ ይስማው። «ሕመም ቦታ ያሳስታልና ሁሉንም እናያለን ይላሉ።»

ምን ልበል? አፌ ውስጥ መስታወትም፣ ብረትም፣ የሰው ጣትም አለ። ብረቱ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ሠርቶ አደሯ ላይ ሲያርፍ፣ ይስማው ጨዋታ አማረው።

«ጓድ፣ ፋብሪካ ነው አይደል የምትሠራ?»

አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰው ሊመልስ የሚችለው አንድ መልስ ብቻ ነው። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

የሐኪሙ እጅ ቆመ። ሠርቶ አደሯን ደግመው ቆረቆሯት።

«የሐሙሲት ልጅ ነህ ልበል? ፊትህን አውቀዋለሁ።»

ሳብሁ። ያገሬ ሰው ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የሳብሁት። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው የጠቆረውን መልኳን፣ የተሸረፈውን ጎኗን ተመለከቱ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ቆርቆር አደረጉ።

«እንዴ! የመሪጌታ ፈንቴን ልጅ ያገባኸው አንተ ነህ?»

የአማቼ ስም ተጠርቶ በአጭሩ መመለስ ነውር ነው። ረጅም አድርጌ፣ ከሆዴ ሳብሁ።

«ይሄ ነው!» አሉ ሐኪሙ። እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት ሐኪም የለም።

መርፌው በቀኝ በኩል ሲገባ ታውቆኛል። ታዲያ ለምን ዝም አልህ ትሉኝ ይሆናል። አስካለም እስከ ዛሬ ትለኛለች። አንደኛ፣ ፈረንጅ የሚሠራውን ያውቃል፤ ምናልባት መድኃኒቱ ዞሮ የሚመጣ ይሆናል አልሁ። ሁለተኛ፣ ዝም አላልሁም። መርፌው እንደወጣ «ጓድ ይስማው፣ በቀኝ ነው እኮ የወጉኝ» አልሁት።

«ዶክተሩ ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩት ይሄንኑ አይደል?»

ይህን ተባብለን ሳንጨርስ ምላሴ የሰው ምላስ ሆነች። ሐኪሙ ጉጠቱን ይዘው ሲመጡ «እሱ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ፤ የወጣው ግን «እቱ አይየም» የሚል ነገር ነው። እማማ የውብዳር በጊዜው የጮኹትን ጩኸት እኔ ጊዜው ካለፈ በኋላ ጮኽሁት። ሐኪሙ ደረቴን መታ መታ አድርገው «አይዞህ» አሉኝ።

ሠርቶ አደሯ ቀላል አልነበረችም። ታገለች። ሐኪሙ አላባቸው፣ አንድ ጉልበታቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ፣ ይስማው ጭንቅላቴን ያዘ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቀጭ አለና ወጣች። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃኑ ተመለከቷት። ሥሯ ንጹሕ ነው፣ ድፍን ነው። ቆይተው ቆይተው ፈገግታቸው ደበዘዘ። ዞረው ይስማውን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ስነካብህ ለምን ትንፋሽህን ሳብህ ይሉሃል።»

በዚያች በደነዘዘች ምላሴ፣ በእጄም እያገዝሁ፣ «ስለጠየቅኸኝ ነዋ! አዎ ማለቴ ነዋ!» አልሁት።

ይስማው መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወይ ጉዴ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ የምተረጉመው ከአፍ የወጣውን ነው። ወደ ውስጥ የገባውን ምን ላድርገው?»

ሐኪሙ መልስ ይጠብቃሉ። ይስማው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና አንድ አጭር ነገር ተናገረ። የሐኪሙ ፊት እንደገና በራ። መጥተው እጄን ጨበጡኝ፣ ትከሻዬን አቀፉኝ።

«ምን አልኻቸው?»

«በጣም አመሰግናለሁ ይላል አልኋቸው።»

እጅግ ስለደከመኝ መቆጣት አቃተኝ። የግራዋ እዚያው እንዳለች ነገርሁት። ይስማው የባዶውን የመርፌ መድኃኒት ሣጥን አሳየኝ፤ የኔው የመጨረሻው ነበር። ሐኪሙም በማግስቱ በማክሰኝት መንገድ ለሥራ ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው። ያለ መርፌ ንቀሉልኝ እንዳልል ሠርቶ አደሯ ስትወጣ ያየሁት ትግል ዓይኔ ላይ ነው።

በማግስቱ ድንዛዜው ሲለቀኝ ለአቤቱታ ሄድሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓድ፣ ካኪ ልብስ የለበሱ፣ ሰው ሲናገር እርሳስ የሚያሾሉ ሰው ናቸው። ነገሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። እርሳሱ እስኪያልቅ አሾሉት።

«ጓድ፣ የተነቀለው የትኛው ነው?»

«የቀኙ፣ ጓድ ኃላፊ።»

«የግራው አልተነካም?»

«አልተነካም።»

«ቀኙ ተወግዶ ግራው ጸንቷል» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ በዚህ ቅር የተሰኘህ ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም። «ኧረ ቅር አላለኝም!» አልሁ። ያም ሆኖ አልተለቀቅሁም። ሠራተኛው ተጠርቶ አጭር ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ። ይስማው በሥራ ሰዓት በመጫወቱ ራሱን ሂስ አደረገ። እኔ ደግሞ ጥርሴን አጥቼ፣ ጉንጬ አብጦ፣ ተነሥቼ ቆሜ በሕክምና ላይ ሳለሁ ያለ አግባብ በመተንፈሴ ራሴን ሂስ አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ቁስላቸውን ለማሳየት የመጡት እማማ የውብዳር ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ያገኙትን ጽሑፍ አያልፉም። ጣታቸውን እፊደሉ ላይ አስኪደው፣ ጮክ ብለው አነበቡት።

«በ-ም-ር-መ-ራ ጊዜ ትን-ፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ክል-ክል ነው።» ቆም አሉ። «ኧረ እናንተ! እንግዲያ በየት በኩል ልንተነፍስ ነው?»



የጾሙን ትራፊ በሽሮ ፍትፍት ጨረስሁ። በቀኝ እንዳላኝክ ሠርቶ አደሯ የለችም፤ በግራ እንዳላኝክ ከበርቴዋ አለች። አስካለ ፊቴን እያየች ሽሮውን ታቀጥናለች። አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች፣ ሳትዞር፣ «ለአባቴ እውነቱን ንገረው» አለችኝ። «ሥጋውን ክትፍ አድርጋ ትሥራልኝ በለው። ሰው ነው፣ ይገባዋል።» እኔም እነግራቸዋለሁ አልሁ። እንዲያውም ቃሉን አዘጋጀሁ፦ «ገና ነኝ አባቴ፣ አልተሻለኝም።» ብስክሌት ላይ ሆኜ፣ መሐረቤ ውስጥ፣ አጠናሁት።

ፋሲካ ደረሰ። መሪጌታ ሌሊቱን ደሴቲቱ ላይ ቆመው አድረው፣ ሲነጋ በታንኳ መጡ። ሙክቱን ቀደም ብለው ልከውት ስለነበር ጥብሱ ደርሷል። ጃንጥላቸውን አጥፈው እደጃፋችን ሲደርሱ አስካለ እንደ ልማዷ በሩን ይዛ ቆመች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ቆሙ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ የልቤ ምት ጥርሴ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው መድረኩን ተሳለሙና ገቡ።

ገቡ! አስካለ ወንበር አቀረበችላቸው። ጸሎት አደረሱ፣ ማዕዱን ባረኩ። ያን ያህል ዓመት አኩርፈውኝ የኖሩ ሰው፣ አሁን ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን ሲታጠቡ ሳይ፣ ከልቤ ወደድኋቸው። ከጥብሱ አጥንት የያዘውን፣ ለክብር የሚሰጠውን መረጡ፤ በእንጀራ ጠቀለሉት። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ነው። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና ግን መንገድ ላይ አቆሙት።

«ልጄ፣ ጥርስህን ታመህ ነበር አለችኝ አስካለ። አሁንስ ተሻለህ?»

አስካለ አየችኝ። ያ ያጠናሁት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ ያውም «ልጄ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከቃል በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ትንፋሼ ሄደ፤ ወደ ውስጥ፣ ረጅም።

በሩ ክፍት ነበር። የሐይቁ የጠዋት ነፋስ ከትንፋሼ ጋር ገብቶ ከበርቴዋን አገኛት። የሳብሁትን መመለስም መጨረስም አቅቶኝ ደረቴን ነፍቼ ቀረሁ፤ ዓይኔ በእንባ ሞላ።

«እሰይ!» አሉ መሪጌታ። «ተመስገን! አየሽው አስካለ? ድኖ ነው፣ በደስታ አለቀሰ እኮ።» የሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ። «የበደልሁህ እኔ ነኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ብለው ጉርሻውን እስከ መጨረሻው አጎረሱኝ።

አላመጥሁ። በግራ። ፊቴን ሳላጨፈግግ አላምጬ ዋጥሁ። መሪጌታ አንድ ብቻማ አይሆንም ብለው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ፣ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፣ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ በክፍቱ በር ሐኪሙ ወደ ሄዱበት ወደ ማክሰኝት አቅጣጫ አያለሁ። በዚያች ሰዓት ከዓለም ሁሉ ሐሳቤ የሚገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እዚያ ቤት ቢኖሩ ኖሮ ያን ትንፋሽ ሰምተው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ይሄ ነው!» ባሉልኝ ነበር።